ደሴ ላይ የመኪና መሪ የሚያስጨብጥ ጌም ቤት አገኘሁ

ቤቱ ፒያሳ ነው። ታፔላ ገና አልሰቀለም፣ ስለዚህ ስም ልነግራችሁ አልችልም። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ስታልፉ በስተቀኝ ሁለተኛው በር ነው። ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ልጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ኳስ ይጫወታሉ፣ ይጯጯሃሉ። እኔን ያመላለሰኝ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነው። መሪ አለ። ከነሦስት ፔዳሉ።

ያወቅሁት በታናሽ እህቴ በኩል ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ስልኬ ላይ አንዲት ሮዝ ቀለም የተቀባች የውድድር መኪና አየችና ቪዲዮውን ደጋግማ ከፈተችው። መጨረሻ ላይ ሾፌሮቹ ሄልሜታቸውን ሲያወልቁ ሦስቱም ሴቶች ናቸው። "እታለም፣ ይሄ ሥራቸው ነው?" አለችኝ። ሥራቸው ነው አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

መኪናዋ አይረን ዴምስ የሚባለው ቡድን ፖርሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ባህሬን ላይ በተካሄደው የስምንት ሰዓት ውድድር ሳራ ቦቪ፣ ራሄል ፍሬይ እና ሚሼል ጋቲንግ በምድባቸው አንደኛ ወጡ። በዓለም የኢንዱራንስ (ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ውድድር) ሻምፒዮና ውስጥ ሾፌሮቹ ሴቶች ብቻ የሆኑበት ቡድን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። አንዷ ራሄል መባሏ እህቴን ይበልጥ አስደስቷታል፤ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ራሄሎች አሉ።

ስለ ስፖርት መኪና ውድድር ትንሽ ልበል፣ ይህን ቤት የወደድኩበት ምክንያት ከዚያ ስለሚጀምር። ፎርሙላ ዋን የሚደርሱት አብዛኞቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ካርት የምትባለው ትንሿ የውድድር መኪና ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ከእኛ ሰፈር ሆኖ ያንን ማሰብ ይከብዳል። የስፖርት መኪና ውድድር ግን ሌላ በር አለው። አንድ መኪና ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይፈራረቃል፣ ሾፌሮቹም በልምዳቸው ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ተብለው ይመደባሉ። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ብሮንዝ ይሆናል። አንዳንድ ምድብ ላይ ደግሞ ብሮንዝ ሾፌር ያልያዘ ቡድን ጭራሽ አይገባም። ሳራ ቦቪ ባህሬን ላይ ያሸነፈችው በብሮንዝነት ነው።

ብቻ በየትኛውም በር ብትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት መሪ ላይ ያሳለፋችሁትን ሰዓት ነው። ለሴት ልጅ ያንን ሰዓት ማን ይሰጣታል? እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁበት ማሠልጠኛ (ስሙ ይቅር) ለተግባር ልምምድ ከፍዬ ግማሹን ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወንዶቹ ሲነዱ ሳይ ነው ያለቀው። ተራዬ ሲደርስ አሠልጣኙ እጁን ከመሪው ላይ አያነሳም ነበር። ስጠይቀው "አንቺ ፈተናውን ካለፍሽ ምን አነሰሽ" አለኝ። ፈተናውን አለፍኩ። ፍሬን በደንብ መያዝ የተማርኩት ግን ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላ ነው፣ በአባቴ።

ስለዚህ አንድ ሰው "ግማሽ ሰዓት መቶ ብር፣ መሪውን ብቻሽን ያዢ፣ ማንም አይነካብሽም" ሲለኝ ትልቅ ነገር ሆነብኝ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። መሪው ሎጂቴክ ጂ 29 ነው። ባለቤቱ ዘመድ ዱባይ ልኮ እንዳስመጣው ነገረኝ። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል፣ እንደ እውነተኛ መኪና። ውስጡ ሞተሮች አሉ፤ ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ መሪው እጃችሁ ላይ ይከብዳል፣ የፊት ጎማ መያዝ ሲያቅተው ደግሞ ድንገት ቀለል ይላል። ያንን መቅለል መለየት ሲጀምሩ ነው መንዳት የሚጀምረው። እህቴ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ፍሬኑ ጠንካራ ነው፣ ከሥሩ ላስቲክ ስላለው እግር ጫን ማለት አለበት። ፍሪሲዮን አለው፣ ካምቢዮ ግን የለውም፤ እሱ ለብቻ ነው የሚሸጠው፣ ሰውየው አልገዛውም። ማርሽ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ ባሉት ሁለት ምላሶች ነው። የዛሬ የውድድር መኪኖች አብዛኞቹ እንደዚያ ስለሚቀይሩ ለውድድር የሚለማመድ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ለመንጃ ፈቃድ ማርሽ ልለማመድ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ቅር ትሰኛላችሁ።

ወንበሩ ከተበላሸ ሚኒባስ የተነሳ ነው። ሰውየው ብረት አስበይዶ መሪውንም ፔዳሉንም አንድ ላይ አስሮታል። ሥራው ጥሩ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ችግሩ ወንበሩ ወደፊት ወደኋላ አይሄድም። እህቴ አጭር ስለሆነች ከጀርባዋ ትራስ እናደርጋለን። ይህን ቢያስተካክል የበለጠ እወደው ነበር።

ጨዋታው ግራን ቱሪስሞ 7 ነው። ደስ የሚለኝ ዝም ብሎ አያስጋልብም። ፈተና አለው፣ እንደ መንጃ ፈቃድ ደረጃ በደረጃ የሚወሰድ። የመጀመሪያዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ተነሺ፣ ፍጠኚ፣ ምልክቱ ውስጥ ቁሚ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ይህን ዘለው ወደ ውድድሩ ይገባሉ፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ግድግዳ ይመታሉ። እህቴ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ማቆም ብቻ ተለማመደች። ማፍጠንን ማንም ይችላል፣ ሰዓት የሚተርፈው ፍሬን ላይ ነው።

ስለ ፍሬን አባባን ላምጣው። አባባ ድሮ ወደ አሰብ ወደብ በሚኬድበት ጊዜ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ከነጭነቱ ስንት ጊዜ እንደወረደው እሱም አይቆጥረውም። የሱ ሕግ አንድ ነው። ፍሬን ከኩርባው በፊት ያልቃል፣ ኩርባ ውስጥ ፍሬን የሚረግጥ ሰው መንገዱን አላየም ማለት ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው፣ ፍሬኑን አግለህ ብትጨርሰው ሐረጎ አይምርህም ይላል። እህቴ ጨዋታው ላይ የተማረችውን ስትነግረው ተቆጣ። የተማረችው እንዲህ ነው፦ የውድድር ሾፌር መጀመሪያ ፍሬኑን በኃይል ይረግጥና ወደ ኩርባው እየገባ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ክብደት ያለበት ጎማ ደግሞ መንገዱን ይይዛል፣ መኪናውም ይታጠፋል። ቶሎ ከለቀቃችሁት ፊቱ ይቀልና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብዙ ካቆያችሁት ደግሞ ኋላው ይወጣል።

"ተሳቢ ጭነሽ እንደዚያ አድርጊና እናያለን" አላት።

አንድ እሑድ ወሰድነው። ጋቢውን አጣጥፎ አስቀመጠና ተቀመጠ። ልጆቹ ኳሳቸውን አቁመው መጡ። ሦስት ዙር ነዳ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድም ግድግዳ ሳይነካ። ሲነሳ ያለውን እስካሁን አስበዋለሁ። "እጄ ያውቀዋል፣ ሆዴ ግን አልተገፋም" አለ። ከዚህ የተሻለ ግምገማ አልችልም። ይህ ዕቃ ለእጅና ለእግር ያስተምራል። ኩርባ ውስጥ ሰውነት ወደ ጎን ሲወረወር፣ አንገት ሲከብድ፣ ሄልሜት ውስጥ ሙቀቱ ሲያልብ ምን እንደሚመስል ግን አይነግራችሁም። ፍርሃትንም አያስተምርም፣ ግድግዳ ብትመቱ እንደገና ትጀምራላችሁ።

ያም ሆኖ እንዲህ ካለ ወንበር ተነስቶ እውነተኛ መኪና ላይ የወጣ ሰው አለ። ኒሳንና ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመሩት ውድድር ያሸነፈው ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኔዝ ከጨዋታው ተነስቶ በ2011 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የሌ ማን 24 ሰዓት ውድድር ላይ በምድቡ ሁለተኛ ወጣ። ያ በር አሁን ተዘግቷል። እጅ ግን ከጨዋታ ወደ መኪና እንደሚሻገር ታይቷል። እህቴ አሁን የምትለማመደው የሌ ማንን መንገድ ነው። አንዱ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ግማሽ መንገድ በሉት። ረጅሙን ቀጥታ ጨርሳ ፍሬን የምትይዝበት ቦታ ላይ ምላሷን ትነክሳለች።

አባባ የወደደላት ሌላ ታሪክ ነው። ሚሼል ሙተን የምትባል ፈረንሳያዊት አለች፤ በራሊ ስሟ የገነነ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም የራሊ ሻምፒዮና ሁለተኛ የወጣች። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባለውን ተራራ በአውዲ ወጥታ አሸነፈች፣ የተራራውን ሪከርድም ሰበረች። የዚያን ጊዜ መንገዱ ኮረት ነበር፣ 156 ኩርባ አለው። መነሻው ራሱ ከደሴ ከፍ ይላል፣ ጫፉ 4,300 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር እንደሚደክም ለአባባ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሐረጎን ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል። የሷ መኪና ቱርቦ ነበረው፣ የሳሳውን አየር ጨምቆ ለሞተሩ ይሰጠዋል። "ሴትየዋ ያን ገደል በኮረት?" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የግማሽ ሰዓቱን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው።

ጃኔት ገትሪ የምትባለዋን ደግሞ እኔ ነኝ የምወዳት። መሐንዲስ ነበረች። በደመወዟ ጃጓር ገዝታ ሞተሩን ራሷ እየፈታች እየገጠመች በስፖርት መኪና ብዙ ዓመት ተወዳደረች፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ኢንዲያናፖሊስ 500 በሚባለው የአሜሪካ ታላቅ የመኪና ውድድር ላይ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ቀን ቢሮ፣ ማታ ግሪስ። እኔም ኮምቦልቻ ቢሮ ውዬ ማታ ደሴ ስመለስ እሷን አስባለሁ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። መጀመሪያ በሄድን ሰሞን ልጆቹ ከኋላ ቆመው "ሴት እኮ ናት" ይሉ ነበር። እህቴ ሁለቴ ተነስታ ወጣች። ለሰውየው ነገርኩት። "አብሽሪ እህቴ፣ ይሄን ለኔ ተዪው" አለ፤ በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ለሴቶች ብቻ አደረገው። ያንን ሰዓት ኳስ ቢያስጫውትበት የተሻለ ገንዘብ ያገኝበት ነበር፣ አውቃለሁ። አሁን አምስት ስድስት ልጆች ይመጣሉ። አንዷ ሒጃቧን አስተካክላ እንደተቀመጠች እስክትጨርስ አትናገርም፤ ከሁሉም ፈጣን እሷ ናት። እናቶችም ይመጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የማይወደድ ነገርም አለው። ጨዋታው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብዛኛው ክፍሉ ይዘጋል፣ ፈተናውን ጨምሮ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። አንዴ እህቴ የመጨረሻ ዙሯን ልትጨርስ ስትል ጠፋ፣ ሰውየው ግን ያልተጠቀመችበትን ሰዓት በደብተር ጻፈላትና በሚቀጥለው ሰጣት። ከሰዓት በኋላ ኳሱ ስለሚጮህ የሞተሩ ድምፅ አይሰማም። ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚታወቀው ደግሞ በሞተሩ ድምፅ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ ይግዛ ብዬዋለሁ።

ዋጋው ተገቢ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚለማመድ ሰው በወር ስምንት መቶ ብር ይሆናል። ለተማሪ ቀላል አይደለም። ለተማሪዎች ቢቀንስ እመርጣለሁ፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ፣ "አስባለሁ" ብሏል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው መንገድ ሩቅ ነው። ደሴ ላይ የካርት ሜዳ የለም። እህቴ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አራት ዓመት ይቀራታል። ውድድር ገንዘብ ይበላል፣ ጎማና ነዳጅ ብቻ የብዙ ሰው ደመወዝ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ አልደበቅኋትም። እሷ በደብተሯ የየዙሯን ሰዓት ትጽፋለች፣ ከጎኑ ፍሬን የያዘችበትን ቦታ ታሰፍራለች።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ነን። የምትመጡ ካላችሁ ቀደም በሉ፣ መሪው አንድ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ ሶሉ ወፍራም ከሆነ ፍሬኑ ለእግር አይሰማም።