ጥላው ግሩም ነው፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ግን አያስኬድም

ድሬዳዋ ላይ በቀትር መኪናውን ፀሐይ ላይ ያቆመ ሰው የጥላን ዋጋ ያውቃል። መሪው አይነካም፣ ወንበሩ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ያለውን የግቢ ፓርኪንግ ብዙ ሰው የሚወደው። እኔም እወደዋለሁ። ቅሬታ ስላለኝ ግን ስሙን አልጽፍም።

መጀመሪያ ደግ ደጉን። ትልልቅ ዛፎች አሉት። መሬቱ ተደልድሏል። ጥበቃዎቹ ንቁ ናቸው፤ መስኮት ሳትዘጋ ከሄድክ ደውለው ይነግሩሃል። ሱቁ ሁሉ ለቀትር ተዘግቶ ከተማው ጋደም ሲል እንኳ በሩ ላይ ሰው አይጠፋም። ዋጋውም መንገድ ዳር ከሚከፈለው እምብዛም አይበልጥም።

ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። ግቢው ሲሞላ መኪና ከመኪና ኋላ ስለሚደረድሩ «ቁልፍ ትተህ ሂድ» ይሉሃል። ከዚያ ልጆቹ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱታል፣ መንጃ ፈቃድ ያለውም የሌለውም። በቅርቡ ዓይኔ እያየ አንዱ የሰው ቪትዝ በኋላ ማርሽ ሲያወጣ መተላለፊያው ላይ ያለውን የጎረቤት ቆርቆሮ በር ገጭቶ አጎበጠው። የበሩ ባለቤት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ወጥተው ሲጠይቁ የፓርኪንጉ ኃላፊ «እናቴ፣ ይሄ የግል ግቢ ነው፣ ትራፊክ አያገባውም፣ ከመኪናው ባለቤት ጋር ይነጋገሩ» አላቸው። ባለመኪናው ሲመጣ ደግሞ ቲኬቱን ገልብጦ አሳየው፦ «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም።» ባለመኪናው «አቦ፣ እኔ እኮ አልነዳሁም!» ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ትራፊክ ፖሊስ ግቢ ገባ አልገባ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳት የመካስ ግዴታ ግን የግቢ በር ላይ አይቆምም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። መኪናው በዚያ ሰዓት የተሰረቀ መሆኑን ካስረዳ ግን ያመልጣል። አስፋልት ላይ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ ብሎ የሚለይ ነገር የለውም። ስለዚህ ሴትዮዋ ባለ ቪትዙን መጠየቅ ይችላሉ። ቁልፍ የሰጠ ሰው ይህን ይወቅ፤ ሌላ ሰው ነድቶት አንተ ልትከፍል ትችላለህ።

ፓርኪንጉስ? ገንዘብ ተቀብሏል፣ ቁልፍ ተቀብሏል፣ መኪናውን ያንቀሳቀሰው የራሱ ሠራተኛ ነው። በዚያው ሕግ አሠሪ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሆኖ ባጠፋው ይጠየቃል። አደራ የተቀበለ ሰውም የተቀበለውን ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። የቲኬቱ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንድ መስመር ይህን ሁሉ ሊሽር አይገባም። ሴትዮዋንማ ጨርሶ አያገኛቸውም፣ ቲኬት አልቆረጡማ!

ሁለተኛው ቅሬታዬ መተላለፊያው ነው። ከግቢው ጀርባ ከዚህ መተላለፊያ ሌላ መውጫ የሌላቸው ቤቶች አሉ። ገበያ በሞቀ ቀን ግን መተላለፊያው ራሱ በመኪና ይሞላል፣ ባጃጅ እንኳ አያልፍም። ሲጠየቁ «የእኛ ይዞታ ነው» ይላሉ። ይሁን፣ ግን መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ባለይዞታው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ወደ መንገድ መውጫ የሌለው ሰውም በጎረቤቱ በኩል ማለፊያ መጠየቅ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል። ሕጉን እንኳ እንተወው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር አምቡላንስ በየት በኩል ይገባል? ይህን ሳስብ በጣም ነው የምናደደው።

ለምትሄዱ፦ ጠዋት ሳይሞላ ግቡና ዳር ያዙ። ስትገቡ መኪናውን ዙሪያውን ፎቶ አንሱት፣ ስፖኪዮውን አትርሱ። ቁልፍ ግድ ነው ካሏችሁ ማን እንደሚይዘው ጠይቁ፣ መንጃ ፈቃድ እንዳለውም። ካልመለሱላችሁ ፀሐዩ ይሻላል።

ከአምስት ሦስት ሰጥቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ቁልፍ ቢይዝ፣ መተላለፊያው ሁልጊዜ ክፍት ቢሆንና የሴትዮዋ በር ቢጠገን ያለ ማቅማማት አምስት እሰጣለሁ።