የደመወዙ ትምህርት ሰመረ፣ የማኅበሩ ግን ጎደለ

ለ19 ዓመታት የሰው ደመወዝ ስሠራ ኖሬአለሁ። ጥቅል ደመወዝ፣ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ የማኅበር መዋጮ፣ የተጣራ ተከፋይ፤ እነዚህ አምስት ዓምዶች በሕልሜ ሳይቀር ይመጡብኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያው ዓምድ ቁጥር ከየት እንደመጣ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሥራዬ ከእርሱ ላይ መቀነስ ነበር እንጂ እርሱን ማስረዳት አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ ማርክሳዊ የደመወዝ ንድፈ ሐሳብና ስለ ሠራተኛ ማኅበራት ሚና የተዘጋጀ የድምፅ ትምህርት እንዳለ ስሰማ ብዙ ሳላቅማማ የገዛሁት ለዚህ ነው። አሥር ንግግሮች፣ አንድ የመልመጃ ደብተርና ሁለት የቀጥታ ውይይቶች አሉት። በስምንት ሳምንት ጨረስኩት። ቅሬታም ስላለኝ የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ንግግር ብቻቸውን ለከፈልኩት ይበቃሉ። መምህሩ የሚጀምሩት ከአንዲት የቃል እርማት ነው። ማርክስ በ1847 መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብራስልስ ለጀርመን ሠራተኞች ስለ ደመወዝ አስተምሮ ነበር። ያ ትምህርት በ1849 በጋዜጣ ሲወጣ ሠራተኛው የሚሸጠው «ሥራውን» ነው ይል ነበር። የማርክስ የትግል ጓድ ኤንግልስ በ1891 ጽሑፉን መልሶ ሲያሳትም ቃሉን «የመሥራት ኃይል» በሚለው ተካው፤ ማርክስ ራሱ በኋላ የደረሰበት አገላለጽ ይኸው ነበርና። ላይ ላዩን ሲሰሙት የሰዋስው ጭቅጭቅ ይመስላል። ደመወዝ የሠራ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። በወሩ መጀመሪያ የቅጥር ውል ሲፈረም እስካሁን የተሠራ ሥራ የለም። አሠሪው የገዛው ሰውየው ለተወሰነ ሰዓት ሊሠራ የሚችልበትን አቅም ነው፤ ከዚያ አቅም ምን ያህል ሥራ እንደሚወጣ ከግዢው በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው። የአቅሙ ዋጋ ሠራተኛው ነገ ተመልሶ ለመምጣት፣ ልጆቹም አንድ ቀን እርሱን ለመተካት የሚያስፈልጋቸው ወጪ ነው። ከዚያ በላይ የሚያፈራው ትርፍ እሴት ይባላል።

መምህሩ ይህን ያስረዱት ማርክስ በ1865 በተጠቀመበት ስሌት ነው። አንድ ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል። የዕለት ኑሮውን የሚሸፍነው ነገር በ6 ሰዓት ሥራ የሚመረት፣ በገንዘብ 3 ሺሊንግ የሚያወጣ ነው። እርሱ ግን በ12 ሰዓቱ የ6 ሺሊንግ አዲስ እሴት ይጨምራል። ሦስቱ ይከፈለዋል፣ ሦስቱ እዚያው ይቀራል። በዚህ ስሌት ያታለለም የተታለለም የለም፤ የመሥራት ኃይሉ በሙሉ ዋጋው ተሽጧል።

እዚህ ላይ መሣሪያውን አቁሜ እርሳስ ፈለግሁ። 3 ሺሊንግ 36 ፔኒ ነው፤ ለ12 ሲካፈል በሰዓት 3 ፔኒ። ስለዚህ የዚያ ሠራተኛ የክፍያ ወረቀት «12 ሰዓት፣ በሰዓት 3 ፔኒ» ይላል። ሁሉም ሰዓት ተከፍሏል! በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የነበረው ጭሰኛ በራሱ ማሳ የሠራበትን ቀንና በጌታው ማሳ በነፃ የሠራበትን ቀን በዓይኑ ለይቶ ያውቅ ነበር። ባሪያው ደግሞ ለራሱ ቀለብ የሠራው ሰዓት እንኳ ለጌታው የተሠራ ይመስል ነበር። በደመወዝ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ያልተከፈለው ሰዓት እንደ ተከፈለ ሆኖ ይጻፋል። ማርክስ ይህን ሲል ማንንም መወንጀሉ አይደለም፤ የሒሳቡ ቅርጽ ራሱ እንደሚሸፍነው ነው የሚያሳየው። እኔ ያንን ቅርጽ ለ19 ዓመታት በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ በኋላም በኮምፒውተር ስሞላ ኖሬአለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፤ በዚህ እኮራ ነበር።

አራተኛው ንግግር አንድ የቆየ ስሕተቴን አርሞልኛል። ማርክስ «ደመወዝ ሁልጊዜ ከሞት ከማትረፍ በማያልፍ ዝቅተኛ ልክ ላይ ይወድቃል» ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ «የብረት ሕግ» ይባል የነበረው ያ ሐሳብ የጀርመናዊው ሶሻሊስት የላሳል ነው፤ በ1863 ያስተጋባው እርሱ ነበር። ማርክስ በ1875 የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲ ለውህደት ያዘጋጀውን ፕሮግራም ሲተች ይህን ሕግ ክፉኛ ነቅፎታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕጉ ከብረት ከሆነ አድማውም ማኅበሩም ከንቱ ድካም ነው። የማርክስ አቋም የመሥራት ኃይል ዋጋ ሁለት ክፍል አለው የሚል ነው። አንዱ ሥጋን ለማቆየት የሚያስፈልገው ነው። ሌላው «ታሪካዊና ሞራላዊ» የሚለው ነው፤ ሕዝቡ በኖረበት ልማድ፣ በለመደው የኑሮ ደረጃ፣ አይቀሬ ብሎ በሚቆጥረው ነገር የሚወሰን። የታችኛው ወለል በተፈጥሮ የተበጀ ሲሆን ከወለሉ በላይ ያለው ግን ክርክር ያለበት ነው።

አምስተኛው ንግግር ግን ጌጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቦታው ለንደን፣ ጊዜው ጁን 1865፣ መድረኩ የዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር ጠቅላላ ምክር ቤት። ጆን ዌስተን የተባለ አናጺ፣ ራሱ የምክር ቤቱ አባል የሆነ ቅን ሶሻሊስት፣ የደመወዝ ጭማሪ ለሠራተኛው አይጠቅምም፣ ማኅበራትም ጎጂ ናቸው ብሎ ይነሣል። ምሳሌው የሾርባ ሳሕን ነበር፤ ለተወሰኑ ሰዎች የቀረበ ሾርባ የማንኪያቸው ስፋት ቢጨምር አይበዛም። ማርክስ በ20ኛውና በ27ኛው ቀን ረጅም መልስ ሰጠ። ሳሕኑ ሠራተኞቹ ራሳቸው ባመረቱት የተሞላ ነው አለ፤ ብዙ እንዳይቀዱ የከለከላቸው የሳሕኑ ጥበት ሳይሆን የማንኪያቸው ማነስ ነው። ከዚያም ወደ ቁጥር ገባ። ከ1849 እስከ 1859 የእንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች ደመወዝ በአማካይ 40 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ የስንዴ አማካይ ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት አንጻር ከ16 በመቶ በላይ መውረዱን ጠቀሰ። አጠቃላይ የደመወዝ ጭማሪ የሚቀንሰው የትርፍን መጠን ነው እንጂ የሸቀጦችን ዋጋ በጥቅሉ አያንርም፤ የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

መምህሩ ይህን ሲተርኩ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ለኅብረት ስምምነት ድርድር በአሠሪው ወገን ሰነድ ይዤ እንድቀመጥ ታዝዤ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ደመወዝ ከጨመርን የምርታችንን ዋጋ እንጨምራለን፤ ያንን ደግሞ መልሳችሁ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ» አሉ። የማኅበሩ ሰዎች ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ብቻ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ደመወዝ ሳይጨመር ዋጋው ለምን ተጨመረ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ጉልበቴ ላይ በነበረው ማኅደር ውስጥ ነበር። ወደ እኔ የዞረ ሰው ስላልነበረ ማኅደሩ እንደተዘጋ ወጣሁ። የሾርባው ሳሕን ታሪክ ያን ጊዜ በጆሮዬ ቢኖር ኖሮ እከፍተው ነበር ብዬ አልዋሽም። ቢያንስ ግን ሥራ አስኪያጁ የሚናገሩት የማንን አሮጌ ክርክር እንደሆነ አውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥራቱ ይወርዳል። ስድስተኛው ንግግር የሥራ አጦች ተጠባባቂ ጦር የሚባለውን በ11 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ይህ ደግሞ ዋናው የደመወዝ መቆጣጠሪያ ነው፤ በማርክስ አመለካከት ደመወዝን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማልቱስ እንዳለው የሕዝብ ቁጥር ሳይሆን ካፒታል ራሱ በማሽን እያፈናቀለ የሚፈጥረው የሥራ አጥ ብዛት ነው። ከበር ውጭ የቆመ ሰው በር ውስጥ ያለውን ዝም ያሰኛል። 11 ደቂቃ!

በተሠራው ቁጥር ልክ ስለሚከፈለው የቁርጥ ክፍያ ደግሞ ጭራሽ የለም። ለእኔ ይህ ይቅር የማይባል ነው። ማርክስ በ1867 ባሳተመው ዋና ሥራው፣ በ«ካፒታል»፣ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ቦታ ሰጥቶታል፤ የቁርጥ ክፍያ ሠራተኛው ራሱን በራሱ እንዲቆጣጠር፣ ሰዓቱን በፈቃዱ እንዲያረዝም፣ ከባልደረባው ጋር እንዲሽቀዳደም ያደርጋል፤ የሁሉም ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ የአንዱ ቁራጭ ተመን ይቀነሳል። ይህንን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። በአንድ ሩብ ዓመት ሰዎቹ ፈጠኑ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አዲስ የተመን ሠንጠረዥ መጣልኝ። የተጣራ ተከፋያቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ እጃቸው ግን እንደፈጠነ ቀረ።

የማኅበራቱ ክፍል ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ንግግሮች ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ የቸኮሉ ይመስላሉ። ታሪኩን በእንግሊዝ የ1799 እና የ1800 የማኅበር ክልከላ ሕጎች ይጀምሩና የ1824ን መሻር ጠቅሰው፣ በአንድ ዝላይ ሌኒን በ1902 ወዳለው ይደርሳሉ፤ ሠራተኛው በራሱ ብቻ የሚደርሰው የማኅበር ንቃት ላይ ነው ወደሚለው። አብዮተኛዋ ሮዛ ሉክሰምበርግ የማኅበራትን ትግል በግሪክ አፈ ታሪክ ካለው ከሲሲፈስ ድካም ጋር ማመሳሰሏንም ይጠቅሳሉ። ድንጋዩን ወደ ተራራው መግፋት፣ ተመልሶም መንከባለሉ። እርሷ ግን በዚያው ክርክር ውስጥ ማኅበራት ከሌሉ ሠራተኛው በገበያው ልክ የሚገባውን ዋጋ እንኳ እንደማያገኝ ትናገራለች፤ መምህሩ ይህን ግማሽ ትተውታል። አድማጩ ማኅበር ማለት የዋሆች የሚደክሙበት ነገር ነው ብሎ ይነሣል።

ከሁሉም ያናደደኝ ማርክስ በ1865 ለዌስተን በሰጠው መልስ ላይ የተደረገው ቆረጣ ነው። መምህሩ የመጨረሻውን ብቻ ይጠቅሳሉ። ማኅበራት «ለፍትሐዊ የቀን ሥራ ፍትሐዊ የቀን ደመወዝ» የሚለውን ትተው የደመወዝ ሥርዓት ራሱ እንዲወገድ ይጠይቁ የሚለውን። ማርክስ ግን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሠራተኞች ከካፒታል ጋር በሚያደርጉት የዕለት ተዕለት ግጭት በፍርሃት ቢያፈገፍጉ ለማንኛውም ትልቅ ንቅናቄ ብቁ አይሆኑም ብሏል። በዓመቱ፣ በ1866፣ ለጄኔቫው ጉባኤ በጻፈው መመሪያ ደግሞ ማኅበራት ዝቅተኛ ክፍያ ላላቸው ሙያዎች፣ በተለይም ለእርሻ ሠራተኞች፣ እንዲቆሙና የመላው መደብ የመደራጃ ማዕከል እንዲሆኑ ይጠይቃል። የጄኔቫው ሰነድ በትምህርቱ ውስጥ በስም እንኳ አልተነሣም።

በመጀመሪያው የቀጥታ ውይይት ላይ ጠየቅሁ። «በአራተኛው ንግግር የደመወዝ ሞራላዊ ክፍል አለ ብለውናል፤ ያንን ክፍል የሚወስነው ማን ነው?» መምህሩ «የመደብ ትግል» ብለው ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፉ። መልሱ ልክ ነው። ግን የመደብ ትግል ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ስሙ የኅብረት ስምምነት ድርድር ነው፤ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የሚጠፋ ማኅደር አለው፣ እንደ እኔ ያለ ዝም ያለ ጸሐፊም አለው። አራተኛውን ንግግር ከስምንተኛው ጋር የሚያገናኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ትምህርቱ ሙሉ ይሆን ነበር።

ስለ አገልግሎቱ ባጭሩ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ዘጠነኛው ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ያስተጋባል። የመልመጃ ደብተሩ ጥሩ ቢሆንም በገጽ 31 ያለው የትርፍ እሴት መጠን ስሌት ተሳስቷል፤ ትርፍ እሴቱን ለደመወዝ ብቻ ማካፈል ሲገባው ማሽኑንም ጥሬ ዕቃውንም ጨምሮ ያካፍለዋል፤ ያ የትርፍ መጠን ነው፣ ሌላ ነገር ነው። ጽፌላቸው አመስግነው መለሱ። ሁለተኛው የቀጥታ ውይይት ግን ያለ ማስታወቂያ ተሰረዘ። የከፈልኩት ለሁለት ነው ብዬ ስጽፍ በሌላ ትምህርት ላይ የሚሠራ ቅናሽ ሰጡኝ። ያልተሰጠኝን ሰዓት ገንዘብ አልመለሱልኝም። ስለ ያልተከፈለ ሰዓት አሥር ንግግር ያዘጋጀ ድርጅት መሆኑን አስታውሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬአለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።

ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከሁለት እስከ አምስት ያሉትን በተከታታይ ስሟቸው፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ የራሳችሁን የክፍያ ወረቀትና እርሳስ አጠገባችሁ አድርጉ። ስለ ማኅበራት ግን የጄኔቫውን መመሪያ ፈልጋችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ጥቂት ገጽ ነው፤ ከሰባተኛው ንግግር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።