ፍሬኔን ከእኔው ጥጋብ ላተረፉልኝ መካኒክ

አዳማ ውስጥ፣ በአሰላ መውጫ በኩል፣ ሁለት መኪና ብቻ የምታስገባ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አባት ላመሰግን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፤ ስለዚህ በአፌ እንደምጠራቸው ጋሽዬ እላቸዋለሁ።

ታሪኩ አያኮራም። ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ፣ ባለቤቱ በፈቀደልን አስፋልት የለበሰ ሰፊ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ደርድረን መታጠፊያ ሠራንና ከጓደኞቼ ጋር በየተራ ሰዓት እየያዝን ነዳን። የእኔዋ ልጆች ትምህርት ቤት የማደርስባት ቶዮታ ኮሮላ ናት። አሥረኛው ዙር ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ የፍሬኑ ፔዳልም እግሬ ሥር ይሰምጥ ጀመር። አስተዋይ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። እኔ ሁለት ዙር ጨመርኩ። ከዚያም ቆሜ፣ ፍሬኑን እንደረገጥኩ፣ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ስለ ሰዓቴ ስፎክር ቆየሁ።

በማግሥቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ጎማ እንኳን ሳይፈታ "ዲስኮቹ ተጣመዋል፣ ካሊፐሮቹም አብረው ይቀየሩ" አለኝ። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፤ ካሊፐር ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል ነው። የጠራልኝን ዋጋ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ጋሽዬ ግን መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጎማዎቹን ካወለቁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ሰዓት የሚመስል መለኪያ ዲስኩ ላይ አስጠግተው በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። መርፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። "ልጄ፣ ዲስኩ አልተጣመመም፤ የተጣመመው አቋቋምህ ነው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋለ ሸራ፣ ማለትም ዲስኩን ይዞ የሚያቆመው ንጣፍ፣ በጋለ ዲስክ ላይ ተጭኖ ሲቆም፣ ከሸራው የቀለጠው እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ያ ቦታ ከሌላው በተለየ ስለሚይዝ ዲስኩ በዞረ ቁጥር መሪውን ይመታዋል። ጣታቸውን የቀሰሩበትን ሳይ፣ ሰማያዊ ጥላ በጣለው ብረት ላይ የሸራው ቅርጽ ልክ እንደ ማኅተም ጠቁሮ ታትሞ ነበር። ስፎክር የቆየሁባት ቦታ ናት። ውፍረቱን በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለኩ፤ ያነሰው 20.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዲስኩ ጠርዝ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ደግሞ 20 ነው። ብረት ወደሚልጠው ቶርኖ ቤት ልውሰደው ብላቸው "የተረፈህን ብረት ለምን ታስልጣለህ?" ብለው በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመሩ።

ልቆጥብ በፈለግኩበት በኩል ግን አልተበገሩልኝም። ሸራው ገና ወፍራም ነው ብዬ ስከራከር አውጥተው ሰጡኝ፤ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ በጥፍር ሲፈገፈግ ይሰነጠቃል። የካሊፐሩ ፒስተን ላይ ያለው የአቧራ መከላከያ ጎማ በሙቀት ደርቆ እንደ ቂጣ ተሰባበረ። እሱን ቀየሩ፤ ካሊፐሩ ራሱ ጤነኛ ነው ብለው መለሱት።

የፍሬን ዘይቱ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። አራት ዓመት አልቀየርኩትም ነበር። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ ግን ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይኖርና ውሎ አድሮ 140 ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ዘይቱ አይጸናም፣ ሲረገጥ ይጨመቃል። የሰመጠብኝ ፔዳል እሱ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ማቆም ከ50 ከማቆም አራት እጥፍ ሙቀት እንደሚያመጣም ያኔ ነው የሰማሁት። እኔ ሁለት እጥፍ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ ዘይቱ ሲቀየር ማየት ወደድኩ። ረዳታቸው ወጣት መሪው ፊት ተቀምጧል፤ እሳቸው ሥር ሆነው "ርገጥ… ያዝ… ልቀቅ" ይላሉ። ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀመሩ። በነጩ ቱቦ በኩል የፈላ ቡና የመሰለ ዘይት አረፋ እያንተከተከ ወደ ጠርሙሱ ወረደ። አረፋው አልቆ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አልተነሡም፤ አራቱንም ጎማ እንዲሁ አደረጉ። አዲሱ ከዶት 3 የበለጠ ሙቀት የሚችለው ዶት 4 ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አዋሽ መልካሳ በሚወስደው መንገድ አጠገቤ ተቀምጠው ከ60 ወደ 10 ደጋግሜ አስቀነሱኝ፤ ሙሉ በሙሉ እንዳልቆም እየተቆጡ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚዋደደው እንደዚያ ነው አሉ። መሪው ጸጥ ብሏል። የከፈልኩት የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠራው ሩቡን አይሞላም፤ አሮጌዎቹን ዕቃዎችም በጋዜጣ ጠቅልለው አስረክበውኛል።

ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሰኞና ቅዳሜ ወረፋ ይበዛል፣ በሌላ ቀን ሂዱ። ፍሬኑ እንደጋለ ከደረሳችሁ ግን አይነኩላችሁም፤ "ቡናህን ጠጥተህ ተመለስ" ብለው ይሰዷችኋል። ቡናው ማዶ ነው፣ ጥሩ ነው።