«አስር አምፔር ነው፣ አይበገርም» ተብዬ የገዛሁት ቁልፍ፦ ከ8 ወር በኋላ

ከምሠራው ትንሽ አውሮፕላን መሪ ዘንግ (ስቲክ) እጀታ ልጀምር፣ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ። ጅማ በርጩማ ጠራቢ አይቸግራትም። አንዱን ጋሼ ለምኜ ከዋንዛ ጠረቡልኝ። ከመዳፌ ጋር ልክክ ይላል። ውጭ አገር በቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ከሬይ አለን ዓይነት ኩባንያ ዝግጁ እጀታ ያዛሉ። እኔ ጋሼ አሉኝ። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ጣጣዬ ከእጀታው ላይ ያሉት ሁለት ቀይ ቁልፎች ናቸው።

ጓሮዬ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣራ ስር፣ አንድ ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። ሞተርም ፈቃድም ይቀረዋል። ስቲኩ ግን ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ማታ ማታ በሲሙሌተር እበርርበታለሁ። አንዱ ቁልፍ ለሬዲዮ ነው፤ ስትጫነው ትናገራለህ፣ ስትለቀው ትሰማለህ። ሌላው ለትሪም ነው፤ ስቲኩን ሁልጊዜ ሳትገፋ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲበር ማስተካከያ።

የካቲት ላይ መርካቶ ሄጄ የጠየቅኩት ትንሽ ስዊች ነበር። ልጁ ግን ሁለቱን ቀዮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ አስር አምፔር ነው። ያ የጠየቅከው አንድም አይሞላ። ደግሞ ለአውሮፕላን!» እስቲ አሁን ማን ነው «ደካማውን ስጠኝ» የሚለው? የሁለት ኪሎ ቡና ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

እስከ ግንቦት ድረስ እሰየው ነበር። ቀጭ ሲል ራሱ ደስ ይላል። ክረምቱ ሲገባ ግን ነገር ተበላሸ። እጫናለሁ፣ ዝም። ደግሜ እጫናለሁ፣ ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ዝም። በንዴት ጠበቅ አድርጌ ስጫን ስቲኩ አብሮ ይገፋል፣ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ይወዛወዛል። ለማረፍ ተቃርበህ ይሄ ሲገጥምህ፣ ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ያልባል።

መጀመሪያ ሽቦውን ጠረጠርኩ። ስቲክ ሁልጊዜ ስለሚወዛወዝ ሽቦው ከግርጌው ይበጠሳል፤ ስለዚህ ብዙ ቀጫጭን ክር ባለው ሽቦ ቀየርኩት። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ቁልፉን ፈትቼ በቴስተር ለካሁት። ተጭኜው ወደ ዜሮ ኦም መጠጋት ሲገባው ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ስከፍተው መገናኛው ብር ነው፤ የእናቴ የብር አምባር ሣጥን ውስጥ ከርሞ እንደሚጠቁር ጠቁሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብር መገናኛ ላይ ብዙ አምፔር ሲያልፍ ትንሽ ብልጭታ ይኖራል። ያ ብልጭታ ጥቁሩን ሽፋን እያቃጠለ ያጸዳዋል። የእኔ ቁልፍ ግን 5 ቮልት በ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ) በኩል ነው የሚደርሰው፤ ግማሽ ሚሊ አምፔር ማለት ነው። ከ10 አምፔር በ20 ሺህ እጥፍ ያንሳል! በዚህ አቅም ሽፋኑን የሚበሳው ነገር የለም። የእውነተኛ አውሮፕላን ሬዲዮ ላይም ብሰካው ብዙ አይሻልም ነበር፤ የንግግር ቁልፍ የሚያሳልፈው ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ነው።

አሁን ያ ልጅ ፊቴ ቢቆም «ያልከው ጥንካሬ ነው የጎዳኝ» እለዋለሁ። «ታዲያ 10 አምፔር አይደለም?» ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። ነው እንጂ! ግን ቁልፉ ላይ ከ250 ቮልት አጠገብ ያለችውን ሞገድ ምልክት አይተሃታል? ቁጥሩ ለቤት መብራት ነው። የቤት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ ባትሪ ላይ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ባነሰ አምፔር ነው የሚሠራው። ለከባዱም እንደ አወራህለት አይደለም፣ ለቀላሉም አልሆነም።

በአልኮል ጠረግኩት፤ ሁለት ሳምንት ሠራ። 470 ኦም ሬዚስተር ጨምሬ ወደ 10 ሚሊ አምፔር አሳደግኩት፤ ተሻለው፣ ግን እምነቴ አልተመለሰም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መገናኛቸው በማይጠቁር ወርቅ የተቀባ ሁለት ስዊቾች አስላክሁ። ላያቸው ላይ የተጻፈው 0.1 አምፔር ነው። የምስር ፍሬ ያህላሉ፣ ሲያዩዋቸው አያምኑም። ጋሼ ከዋንዛው ፍልጥ ቆብ ሠሩላቸው። ከመስከረም ወዲህ አንዴም አላሳፈሩኝም።

ቀዮቹን ልጥላቸው ነበር። ጎረቤቴ አየና አንዱን ለባጃጁ ክላክስ ወሰደው። ክላክስ አምፔር ይወዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመስኮቴ ስር ሲያልፍ ይጫነዋል፤ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ዝም አላለም።