ተኩስ ያስደነገጣቸው ልጆች ወላጆች የሚሠለጥኑበት አራት ቅዳሜ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ በተኩስና በመፈናቀል የተጎዱ ልጆች ላሏቸው ወላጆች በነፃ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። አራት ቅዳሜ ይፈጃል፤ በአንድ ዙር ከ15 ሰው በላይ አይቀበሉም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚጀምረው ከልጁ ሳይሆን ከወላጁ ነውና። ልጅ አደጋ መኖር አለመኖሩን የሚያነበው ከእናት ከአባቱ ፊት ላይ ነው። እጇ እየተንቀጠቀጠ «አይዞህ፣ ምንም የለም» ብትለው የሚያምነው እጇን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለወላጁ ትንፋሽ ያለማምዱታል፦ እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ መሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ በአፍ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ አምስት ጊዜ። የሚወጣው ትንፋሽ መርዘሙ የልብ ምትን ያረጋጋል። ሕፃናቱ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው «እፍፍ» እያሉ ይማሩታል። ልምምዱ የሚከሽፈው ልጁ እያለቀሰ ሳለ ሲጀመር ነው። አስቀድሞ፣ ደኅና በሆነበት ሰዓት፣ ማታ ማታ መለመድ አለበት።

ሁለተኛው ስለ ሌሊት ነው። ልጅቷ ስትባንን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ስሟን በዝግታ ጠርቶ «ቤትሽ ነሽ፤ እኔ አባትሽ ነኝ፤ በሩ ተቆልፏል» ማለት። «ምን አየሽ?» ብሎ መመርመር በዚያ ሰዓት አይረዳም። ትቶት የነበረው ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ አንሶላው ያለ ቁጣ፣ እህት ወንድሞቹ ሳያዩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያም ወላጆች ከቅጣት እንዲርቁ ይመክራል። ዱላና ማሳፈር ፍርሃቱን ስለሚጨምሩ ሽንቱም ይብሳል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ግን አንስማማም። ልጆቹ ይመጡና ያዩትን እንዲስሉ፣ ከዚያም በሌሎች ልጆች ፊት ተነሥተው እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። መሳሉ ጥሩ ነው፤ በግድ ማስተረኩ ግን ቁስሉን ይነካካል፣ ያልደረሰባቸውንም ያስደነግጣል። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ፣ ልጁ ራሱ ካወራ መስማት፣ ዝም ካለም መተው ይበቃል።

አራተኛው ክለሳ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ስለ ርችት ቢነገር በተሻለ ነበር፤ በመስቀልና በጥምቀት ሰሞን ልጆቹ እንደ አዲስ የሚርዱት በእሱ ነው። ወላጅ ቀኑን ቀድሞ ይንገራቸው፤ ድምፁ ሲሰማም እጃቸውን ይዞ አብሯቸው ይቁጠር። መባነኑ፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቁ ወይም ከጨዋታ መራቁ ከአንድ ወር ካለፈ ወይም ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ሥልጠናውን አትጠብቁ፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት።