ፎርማት ሳይደረግ የተከፈተ ላፕቶፕ፦ ስለ አንዲት የደብረ ብርሃን ጥገና ቤት

አንኮበር ላይ የማስተምር መምህርት ነኝ። ከገና በፊት ተማሪዎቼ የላፕቶፔን ፒን ሳያዩት አልቀሩም ብዬ በሌላ ቁጥር ቀየርኩት፤ በዓሉን ከቤተሰብ ጋር አሳልፌ ስመለስ አዲሱ ቁጥር ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፍቶ አገኘሁት። ፒኔን ረስቻለሁ የሚለውን ስጫን ደግሞ የአካውንቱን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። እሱን የተጠቀምኩበት ከሦስት ዓመት በፊት፣ አካውንቱ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በተከፈተልኝ ዕለት ብቻ ነበር። በላፕቶፑ ውስጥ የአራት ሴክሽን ተማሪዎች የመንፈቀ ዓመት ውጤትና ሌላ ቦታ ቅጂ የሌላቸው የእናቴ ፎቶግራፎች ስለነበሩ፣ በነጋታው በነጠላ ጠቅልዬው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ባለሙያ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ፎርማት ይደረጋል፤ ከሰዓት ይውሰዱት» አለኝ። ፋይሎቼስ ብዬ ስጠይቀው «እሱ እንግዲህ» ብሎ ዝም አለ። ላፕቶፔን አንስቼ ወጣሁ።

ይህን ግምገማ የምጽፈው ስለ ሁለተኛዋ ሱቅ ነው። ስሟን ያልጠቀስኩት ከምስጋናው ጋር ወቀሳም ስላለኝ ነው፤ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና አስፋልት ዳር ያለች፣ ባለ አንድ በር፣ ሁለት ወጣቶች የሚሠሩባት ቤት ናት። የተቀበለኝ ልጅ ጋቢውን እንደ ተከናነበ (በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ከተማ በጥር ጠዋት ይህ አይፈረድበትም) ምንም ሳይነካ ጥያቄ ጀመረ። የትልቅ ፊደል ቁልፉ ተጭኖ እንዳይሆን፣ የመጻፊያ ቋንቋውም ወደ አማርኛ ተቀይሮ እንዳይሆን አየ። ከዚያም «መምህር፣ አካውንትዎ የኮምፒውተሩ ብቻ ነው ወይስ በኢሜይል የተከፈተ?» አለኝ። እንደማላውቅ ስነግረው በስክሪኑ ላይ ከስሜ ሥር የተጻፈውን የኢሜይል አድራሻ አሳየኝ።

ልዩነቱን ያስረዳበት መንገድ ከብዙ ሥልጠና የተሻለ ነበር። አካውንቱ የኮምፒውተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ የይለፍ ቃሉን የሚያመሳክረው ማሽኑ ራሱ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2018 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች ደግሞ አካውንቱ ሲከፈት ሦስት የምስጢር ጥያቄዎች ተሞልተው ከሆነ እነሱን በመመለስ መቀየር ይቻላል። በኢሜይል የተከፈተው ግን የማይክሮሶፍት አካውንት ስለሆነ፣ የሚቀየረው በላፕቶፑ ላይ በሚደረግ ብልሃት ሳይሆን፣ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ ኩባንያው ድረ ገጽ ገብቶ ማንነትን በማረጋገጥ ነው። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ቀድሞ ወደ ተመዘገበ ስልክ ወይም ሌላ ኢሜይል ነው። የተመዘገበው ስልክ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ሲታዩ፣ ከጠፋብኝ ዓመት ያለፈው የድሮ ሲሜ ነበር።

የቀረው መንገድ የአካውንት ማስመለሻ ቅጹን መሙላት ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔው ነበር። ቅጹ የልደት ቀን ይጠይቃል። የተወለድኩት በየካቲት 1981 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1989 ይሆናል። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ያኔ እንደነገርኩት 1981 ብሎ ይሙላው፣ ሰባት ዓመት ጨምሮ 1988 ይበለው፣ ወይስ ለፍጥነት ሲል ከራሱ አንድ ቀን ይፍጠር፣ ማን ያውቃል? ስሜም በ«ፀ» ስለሚጀምር በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጻፍ ወይስ በ«ኤስ» ብቻ፣ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው አባቴ ይሁን አያቴ፣ ሁሉም ግምት ነበር። ቅጹ መልሱ የሚላክበት ሌላ ኢሜይልም ይፈልጋል። ልጁ የሱቁን ኢሜይል ሊያስገባ ሲል አስቆምኩትና የሥራ ባልደረባዬን አስፈቅጄ የእሷን ሰጠሁ፤ አልተከፋም፣ «ልክ ነዎት» ብሎ አጠፋው። በማግስቱ የመጣው መልስ የሞላሁት መረጃ አካውንቱ የእኔ መሆኑን ለማረጋገጥ በቂ እንዳልሆነ የሚገልጽ ነበር።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። «ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው?» ሲለኝ በታላቅ ወንድሜ መታወቂያ እንደወጣ ትዝ አለኝ። ወንድሜ የሚኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ስደውልለት «አንቺ ደግሞ፣ የሞተ ሲም ልታስነሺ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቢሆንም መታወቂያውን ይዞ ቴሌ ሄደና በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም አውጥቶ በራሱ ስልክ ውስጥ ጨመረው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ እጄን እያሸሁ፣ እሱ ከተራራው ማዶ በሙቀቱ ተቀምጦ፣ የመጣለትን ኮድ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ልጁም ወዲያው «ይህን ያደረግነው የደወሉት እርስዎ ስለሆኑ ነው፤ ማንም ደውሎ ኮዱን አንብቡልኝ ቢልዎት አጭበርባሪ ነው» አለኝ። ሳይጠየቅ የተናገረው ስለሆነ ከሱቋ አገልግሎት ጋር ቆጥሬዋለሁ።

አዲሱን የይለፍ ቃል በስልኬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ላፕቶፑ ግን አዲሱን ቃል ወዲያው አልተቀበለም። ከኢንተርኔት ጋር እስካልተገናኘ ድረስ የይለፍ ቃሉ መቀየሩን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ልጁ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ፣ በመግቢያው ስክሪን ቀኝ ጥግ ባለችው የኔትወርክ ምልክት አገናኘው፤ ደግሜ ስጽፍ ተከፈተ። የዘጠነኛ ክፍል «ሐ» ውጤት ሳልዘጋው እንደተውኩት ተዘርግቶ ጠበቀኝ።

በጉልበት ለመክፈት ያልሞከረበትን ምክንያት ስጠይቀው የነገረኝን ብዙ ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ፣ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚያው በተዘጋው አካውንት ውስጥ ነው። ስለዚህ አካውንቱን በትክክለኛው በር ማስመለስ ጊዜ ቢፈጅም ፋይሎችን ለአደጋ አያጋልጥም። ፎርማት ማድረግ ግን ለባለሙያው የግማሽ ሰዓት ሥራ፣ ለባለቤቱ የሦስት ዓመት ኪሳራ ነው።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። ዋጋው የተነገረኝ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ 800 ብር ተባልኩ። ለሁለት ቀን ክትትል አይበዛም ብዬ ከፈልኩ፤ ነገር ግን ሱቋ የዋጋ ዝርዝር አልለጠፈችም፣ ደረሰኝም አልሰጠችም። ይህ ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ለጥገና የተቀመጡ ላፕቶፖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ በወረቀቷም ላይ የባለቤቱ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከቆምኩበት ሆኜ ሦስቱን አንብቤያለሁ። የኔም ላፕቶፕ በመጀመሪያው ቀን እዚያው ሲያድር ወረቀቷ ተለጥፋበት ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ቦታ ግን ባዶ ነበር፣ የሚጻፍ ነገር አልነበረምና። ለልጁ ስነግረው «ደንበኛው ራሱ ነው ጻፍልኝ የሚለው» አለ። ይህ መልስ አላረካኝም፤ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረ ባለሙያ ወረቀቶቹንም ወደ መሳቢያ ቢያስገባ ምን ይከብደዋል?

እንዲህም ሆኖ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው ወደዚህችው ሱቅ ነው። መታወቂያውን፣ አካውንቱ የተመዘገበበትን ሲም፣ አካውንቱ ሲከፈት የተሞላውን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይዞ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ ይሂድ። በጠዋት ከደረሰ ሰልፍ የለም፤ ከአንኮበር የሚመጣ ሰው ግን የመመለሻው መኪና እንዳያመልጠው በጊዜ መነሳት አለበት። እኔ በሁለተኛው ቀን አምልጦኝ አንዲት ዘመዴ ዘንድ አድሬያለሁ።