ስታዲየም ወይስ ዲኤስቲቪ ቤት?

ድሬዳዋ ላይ ኳስ ለማየት ስታዲየም መግባት አለ፤ ከዚራ ሰፈር ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የእንግሊዝን ሊግ መከታተልም አለ። በምስል ጥራትና በጨዋታ ፍጥነት ቴሌቪዥኑ እንደሚበልጥ አያከራክርም። ይሁንና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየርና በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳችው ሞሮኮ የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ይህን ያወቀ ተመልካች፣ በተለይ ከጎኑ የተቀመጡ አዛውንት በከዘራቸው ወደ ግቡ እያመለከቱ ያን ጊዜ ያዩትን ሲተርኩለት፣ ተራ የማዕዘን ምት እንኳ በሌላ ዓይን ያያል። የአርሰናልንም ታሪክ ከታላላቆቻችን ወርሰን ከልብ እንወደዋለን፤ ነገር ግን የሰማነው እንጂ በደጃችን የሆነ አይደለም። ስለዚህ የከሰዓቱ ፀሐይ ቢበረታም፣ እኔ ስታዲየሙን እመርጣለሁ።